ከመጨረሻው ጋሪ የተጠመዱ ቀይ በሬዎች

የዲኒፕሮን ወንዝ ከተሻገርን አሥራ አንደኛ ቀናችን ነበር። ሃያ ስምንት የጨው ጋሪ አንዱ የሌላውን አቧራ እየበላ ይሄዳል። ከሁሉም ፊት የአለቃችን የስቪሪድ ጋሪ አለ፤ ጭነቱ አናት ላይ በቅርጫት ያሰርነው አውራ ዶሮ፣ ንጋቱን እንዲነግረን የመጣ መሆኑን ረስቶ በጠራራ ፀሐይ ይጮሃል። ዝፍት ስላለቀብን መንኮራኩሮቹ ይንጫጫሉ። እኔ ሰባተኛው ጋሪ አጠገብ ጅራፌን ትከሻዬ ላይ ጥዬ በእግሬ እሄዳለሁ። ጋሪው የእኔ ነው፤ የሚጎትቱት በሬዎች ግን የእኔ አልነበሩም።

የኒቺፒር ነበሩ። ሁለት ዳልቻ በሬዎች፣ ቀንዳቸው ከክንድ የረዘመ፣ ሲራመዱ ችኮላ የማያውቁ። ኒቺፒር አበልጄ ነው፤ አንድ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በጸደይ አብረን ወደ ክራይሚያ የጨው ሐይቆች ወርደን በመኸር አብረን ተመልሰናል። መንገድ ላይ ስንሰፍር ከአንድ ድስት ነበር የምንበላው። የስቡን ቁራጭ እሱ ወደ እኔ ይገፋዋል፣ እኔ ወደ እሱ እገፋዋለሁ፤ እንዲህ ስንገፋፋ ቲሚሽ የሚባለው ሆዳም ከሌላ ድስት መጥቶ ያነሣዋል። ቲሚሽ አሁንም አለ፤ ስቡንም የሚከለክለው ሰው የለም።

ኒቺፒር ጨው ከምንጭንበት ከፔሬኮፕ በወጣን በሦስተኛው ቀን ሞተ። ያለፈው ዓመት ኮሌራ ያስተረፈውን ሊለቅም ተመልሶ ነው ያሉ ነበሩ። እንደ ደንባችን በሽታ እንዳይነካን ሸሚዛችንን ዝፍት ውስጥ ነክረን ነው የለበስነው፤ ለእሱ ግን አልበጀውም። ጠዋት ቀንበር ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አቃተው፤ ከሰዓት በኋላ ጋሪው ሥር ጥላ ውስጥ አስተኝቼው ነበር።

«ኦሜልኮ» አለኝ ሚስቱን አስቦ፣ «ሂቭሪያ ከጉብታው ላይ ሆና እንዳታይ።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለህ? ቆቤን ነዋ።»

የእኛ የጨው ነጋዴዎቹ ደንብ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲሞት ጋሪው ከሰልፉ መጨረሻ ይሆናል። ቆቡ ቀንበሩ ላይ ይሰቀላል፤ በሬዎቹ ከፊታቸው ካለው ጋሪ ኋላ በገመድ ይታሰራሉ፤ አጠገባቸው ነጂ አይሄድም። ሴቶቻችን ደግሞ መምጫችን ሲደርስ ንጹሕ ሸሚዝ ይዘው ከመንደሩ ዳር ካለው አሮጌ ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ርቀት ባል አይለይም፤ ሁላችንም በዝፍትና በአቧራ ጠቁረናል። በሬ ግን ይለያል። ክረምቱን ሙሉ ድርቆሽ ያበላችውን በሬ የማታውቅ ሚስት የለችም። ስለዚህ በሬዎቹን ታያለች፤ ቦታቸው ላይ ካሉ ትስቃለች፤ መጨረሻ ላይ ከሆኑ ግን መርዶዋን እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ትሰማለች።

«ከመጨረሻው የቀትር ሰፈር ቀድመህ ሂድ» አለኝ ኒቺፒር። «ቤት ድረስ ገብተህ በሩን ዘግተህ ንገራት። እሷ ሰው ፊት ማልቀስ አትወድም።»

«እሄዳለሁ።»

«አፈር ብላልኝ።»

የመሐላችን ደንብ ነውና ከመሬቱ ቆንጥሬ በላሁለት። የዚያ አገር አፈር ጨው ጨው ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ግራው በሬ ጫንቃ መላጥ ጥቂት ተናገረና አረፈ። ማታውኑ ቀበርነው፤ ሃያ ሰባታችንም በየቆባችን አፈር እየተሸከምን ጉብታ አደረግንለት።

በሬዎቹ የተቀየሩት በዲኒፕሮ ነው። የኒቺፒር ጋሪ ከመሻገሪያው ጀልባ ላይ ተንሸራቶ ወገቡ ድረስ ውኃ ገባ፤ ስናወጣው ከጨው ግማሹ ቀልጦ ሄዷል። በዚያው ሰሞን ከእኔ ሁለት ቀይ በሬዎች ቦቃው ሰኮናው ተበልቶ ያነክስ ጀመር። አለቃ ስቪሪድ መጥቶ አየውና «ያንተን አንካሶች ከሟቹ ጋሪ ጥመድ፣ እሱ ቀሏል። ዳልቾቹ ያንተን ይጎትቱ» አለ። ትክክል ነበር፤ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። መንገድ ላይ ስምንት ወር የከረመ ወንድ በሬን የሚያየው በጉልበቱ ነው። ሴቶቹ በምን እንደሚያዩት ሃያ ሰባታችንም ረስተነው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቀትር ላይ ከመንደራችን ከቬርቦቭካ የሁለት ሰዓት መንገድ ሲቀረን ከወንዝ ዳር ሰፈርን። የመጨረሻው ሰፈር ሁልጊዜ ጫጫታ አለው። ወንዱ ፊቱን በአሸዋ ይፈትጋል፣ ጢሙን በቢላ ያስተካክላል፣ ለሚስቱ የገዛውን የአንገት ጨሌ አውጥቶ ደጋግሞ ያያል።

«ኦሜልኮ» አለ ቲሚሽ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ «ያቭዶሃ ዘንድሮስ በር ትከፍትልህ ይሆን ወይስ እንደ አምናው ከላሞቹ ጋር ታሳድርሃለች?»

«ላሞቹ ካንተ ይሻላሉ፤ አያንኮራፉም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አምና ከላሞቹ ጋር ያደርኩት እውነት ነው፤ ግን ሚስቴ ያቭዶሃ አላስወጣችኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት። ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዝም ብሎ ከመተኛት ከከብቶቹ ጋር መተኛት ቀሎኝ ነው።

ልጃችን የሞተው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ በሦስት ዓመቱ። እኔ ያኔ ፔሬኮፕ ጨው እየጫንኩ ነበር። በመኸር ስመለስ ያቭዶሃ በር ላይ ቆማ «ፓናስኮ ሞቷል፤ ከሐምሌ ወዲህ ነው» አለችኝና ላሟን ልታልብ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለሚያስፈልገው ነገር ብቻ ነው። ዱቄት አለ፣ ማገዶ አልቋል፣ ጣሪያው ያፈሳል። በየጸደዩ ስሄድ አልጠላችኝም፣ በየመኸሩ ስመለስ አልወደደችኝም። ቤቴ ውስጥ እንግዳ ነበርኩ፤ እንግዳ እንኳ ከየት መጣህ ተብሎ ይጠየቃል። ኒቺፒር ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ስቡን ብቻ ነበር ወደ እኔ የሚገፋው።

ቃሌን ለመፈጸም የእግር ጨርቄን አጠበቅሁና ከሰፈሩ ወጣሁ። ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ ዞር ብዬ ጋሪዎቹን ተመለከትኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከሰልፉ መጨረሻ ሁለት ቀይ በሬዎች፣ አንዱ ቦቃ፣ ቀንበራቸው ላይ ጥቁር የበግ ለምድ ቆብ ተሰቅሎ፣ አጠገባቸው ሰው የለም። የሞትኩት እኔ ነበርኩ።

ሴቶቹ የሚያዩት ይህን ነው። ያቭዶሃ ከጉብታው ላይ ሆና የራሷን ቀይ በሬዎች ኋላ ታገኛለች። ሂቭሪያ ደግሞ ዳልቾቹን ሰባተኛ ላይ አይታ ባሌ ደኅና ነው ትላለች። በሬዎቹን መልሶ ለመጥመድ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ወይም ዝም ብዬ መንገዴን ብቀጥል ለሂቭሪያም እነግራት ነበር፣ ያቭዶሃም በዓይኗ ታየኝ ነበር። ይህ ሁሉ በግልጽ ታየኝ፤ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት የማልለው ለዚህ ነው።

ግን አንድ ሌላ ነገር አሰብኩ። ታለቅስልኝ ይሆን?

ይህን ጥያቄ ማንም ሰው ሊጠይቅ አይችልም፤ መልሱን የሚያገኘው ሲሞት ነውና። እኔ ግን በእግሬ ቆሜ ላየው ነው። ብቸኛ ነበርኩ። ያን ቃል በዚያች ሰዓት ለራሴ በቅጡ ብነግረው ኖሮ ምናልባት ባላደረግሁት ነበር። አልነገርኩትም። ከዳገቱ ወርጄ ተመለስኩ።

«ምነው?» አለ አለቃ ስቪሪድ።

«እሾህ ወጋኝ። ብዙ አያስኬደኝም።»

«አፈር በልተህለት የለም እንዴ?»

«በልቻለሁ አለቃ። ጉብታው ጋ ከመድረሳችን በፊት ቀደም ብዬ እነግራታለሁ።»

«ሌላ ሰው ልላክ?»

«አይሆንም፤ እኔን ነው ያስማለው።»

እግሬን አየ፤ ፊቴንም አየ። ስቪሪድ ሠላሳ ዓመት ሰው የመራ ነውና የሆነ ነገር እንዳለ ሳይገባው አልቀረም። «እንግዲህ ያንተና የሟቹ ጉዳይ ነው» አለና ወደ ጋሪው ሄደ። እሱ ከፊት ነው የሚሄደው፤ ራሱ ያስጠመደውን ኋላ ዞሮ አያይም።

ጉብታው በቀኝ በኩል ብቅ አለ። ነጂ ሁልጊዜ በበሬዎቹ ግራ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከእኔና ከሴቶቹ መካከል የኒቺፒር በሬዎች ነበሩ። ቆቤን ዝቅ አድርጌ አንገቴን ከበሬው ጫንቃ ሥር ቀበርኩ። ከበሬው አንገት በታች ነጫጭ የራስ መሸፈኛቸው ታየኝ። መጀመሪያ እየተጠራሩ ይስቁ ነበር፤ በሬ እያዩ ስም ይጠራሉ። ከዚያ ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየጠፋ መጣ።

ሴቶቹ ከያቭዶሃ ዙሪያ ፈቀቅ አሉ። እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሐዘን ያገኛት ሴት መቆሚያ እንዲሰፋት ነው። ከመካከላቸው ሂቭሪያ ብቻ ቀርታ አቀፈቻት። የገዛ ባሏ ከመሬት በታች አሥራ አምስት ቀን አልፎታል፤ እሷ ቆማ የእኔን ሚስት ታባብላለች። ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። እግሬ አልታዘዘኝም፤ እሾህ ያልወጋው እግሬ።

ያቭዶሃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ተነሣችና የሂቭሪያን እጅ ከትከሻዋ ላይ አውርዳ ቁልቁል መጣች። የያዘችውን ሸሚዝ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃዋለች። በሰልፉ ትይዩ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ አንዱንም ጋሪ አታይም። ከበሬው ማዶ እጄን ብዘረጋ በምደርስበት ርቀት አለፈች። እያለቀሰች ነበር። ጮክ ብላ አይደለም፤ ዕንባው ብቻ እየወረደ ትናገራለች።

«ሳልነግርህ» ትላለች፣ «ኦሜልኮ፣ ሳልነግርህ። ሳልነግርህ ሄድክብኝ።»

አለፈችኝ። የጠየቅሁትን አገኘሁ፤ ሰባት ዓመት የራበኝን በአንድ ጊዜ ጎረስኩ። ደስታ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ደስታ ነበር። ልከተላት አንድ እግሬን ሳነሣ ከፊቴ ሂቭሪያ ቆማለች።

ወደ ዳልቾቹ ነበር የመጣችው፣ ወደ ባሏ በሬዎች፣ አዲስ የጠለፈችውን ሸሚዝ በክንዷ ላይ አድርጋ። ስታየኝ አፏ ተከፈተ።

«አበልጄ፣ አንተ ነህ? በሕይወት አለህ?» አለችና ሳልመልስላት ወደ ኋላ ዞራ ተጣራች። «ያቭዶሃ፣ ነይ። ያቭዶሃ፣ ባልሽ እዚህ ቆሟል፣ ደኅና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሬ ተቀያይረው ነው እንጂ ደኅና ነው።»

ለሌላዋ ነበር ደስታዋ። ስለ ራሷ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ፊቷን ወደ እኔ ስትመልስ ገና ፈገግታው አልለቀቃትም ነበር።

«ታዲያ የእኔውስ?» አለች። «የት ነው ያለው? ከኋላ ነው?»

አንድ ሙሉ ቀትር፣ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ የተዘጋ በር፤ ይህን ሁሉ ኒቺፒር ለምኖኝ ነበር። አሁን መላው መንደር ቆሞ ያያታል። ሂቭሪያ ዓይኔን አየች፣ ከዚያ የሰልፉን መጨረሻ፣ ከዚያ ቀንበሩ ላይ ያለውን ቆብ። ቆቡን የሰፋችው እሷ ናት።

አልጮኸችም። በክንዷ ላይ የዘረጋችውን ሸሚዝ በተተኮሰበት መስመር ላይ አራት ጊዜ አጠፈችው። ከዚያ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። መንገዱ መሐል ስትደርስ ወደቀች። ቲሚሽ ነበር ሮጦ የደረሰላት፤ እኔ አልነበርኩም።

ያቭዶሃ ቀይ በሬዎቹን ከቀንበሩ አውጥታ ከፊታቸው ካለው ጋሪ ፈትታ ገመዳቸውን ይዛ መጣች። ፊቷ ገና እርጥብ ነው። ከራስ ቆቤ እስከ እግር ጨርቄ አየችኝ። ትመታኛለች ወይም ታቅፈኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«በሬዎቹን መቼ ነው የቀየራችሁት?»

«ዲኒፕሮ ላይ። ቦቃው አነከሰ።»

«ለእሷ ቀድሞ የሚነግራት ሰው አልነበረም?»

«እኔ ነበርኩ።»

«እና?»

ልዋሽ እችል ነበር። እሾህ ወጋኝ ብላት ታምነኝ ነበር፤ ዛሬ ድረስ ያን አስባለሁ። ግን ያን ዕንባ ካየሁ በኋላ ልዋሻት አልፈለግሁም፤ ሰባት ዓመት ተለያይተን የተገናኘን መሰለኝ።

«ቀትር ላይ ከዳገቱ ሆኜ አየሁት» አልኳት። «ምን እንደሚመስል ገባኝ። ታለቅሺልኝ እንደሆነ ለማየት ብዬ ቀረሁ።»

ኋላችን የሂቭሪያ የለቅሶ ድምፅ መሰማት ጀመረ።

«ሳልፍ በበሬው ማዶ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የዱቄት ዋጋ እንደተነገራት ያህል። የበሬዎቹን ገመድ እጄ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችልኝ። «ውኃ አጠጣቸው፣ ጠምቷቸዋል» አለችኝ። ሸሚዙን ከጋሪው ጠርዝ ላይ አኖረችልኝና መንገዱ ላይ ወዳለችው ሂቭሪያ ሄደች። አጠገቧ ትቢያ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከሁለቱም ዙሪያ ፈቀቅ አሉ።

በዝፍት ሸሚዝ ቤት አይገባም። ሌሎቹ የየራሳቸውን ከጉብታው ሥር አውልቀው እሳት ላይ ሲጥሉ እኔም ጣልኩ። አዲሱን ለበስኩት፤ ልኬ ነበር። ቤት ስገባ ምድጃው ጋ ክዳኑ የተከደነ ድስት ነበር፣ ገበታው ላይም ሁለት ማንኪያ። ብቻዬን በላሁ።

ያቭዶሃ እስከ ኒቺፒር አርባ ድረስ ከሂቭሪያ ቤት ቆየች። ተዝካሩ ላይ ከቄሱ ጀርባ ቆሜ ነበር፤ ሂቭሪያ ዳቦውን ለሁሉም ስታዞር ለእኔም ሰጠችኝ፣ እንደ ሌላው ሰው፣ ሳታየኝ። ያን ጊዜ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከአርባው በኋላ ያቭዶሃ ጥቅልሏን ይዛ መጣች። አልተጣላንም። ዱቄት አለ፣ ማገዶ አልቋል፣ ጣሪያው ያፈሳል ተባባልን።

በረዶው በተከመረበት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ ሱፍ ትፈትላለች። ቀንበር እየጠገንኩ ነበር፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ያን ቀን ሳልነግርህ፣ ሳልነግርህ ስትዪ ነበር። ምን ነበር?»

እንዝርቱ አላቆመም። አልሰማችኝም ብዬ ልደግመው ስል መለሰችልኝ።

«ለሞተው ባሌ ነበር የምነግረው።»

«እኔ እኮ ነኝ።»

«አንተማ አልሞትክም» አለች። «በበሬ ተከልለህ ትሰማ ነበር።»

ስለ ፓናስኮ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። አንዳንድ ጊዜ ስለ እኔ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፤ አልነገረችኝም።